ኮከብ ማየትና ኮከብ ማስቆጠር

ኮከብ የሚለው ቃል በተነሣ ቁጥር በእኛ በወጣቶች መካከል ሁለት ዓይነት ስሜት ይታያል። አንዱ ወገን «ይህ የጠንቋይ ነገር ነውና ይቅርብን» ብሎ ይሸሻል፤ ሌላው ደግሞ «የእኔ ኮከብ ምን ይላል?» እያለ ጆሮውን ያቀናል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ስለ ሰማይ አላሰቡም። እንግዲህ መጠየቅ የምንፈልገው ይህን ነው፦ ኮከብ ማየት ነውር ነውን? ካልሆነስ ከማስቆጠር የሚለየው በምንድን ነው?

ኮከብ ቆጣሪ የሚጠይቀው የባለጉዳዩንና የእናቱን ስም ነው። ፊደሎቹን ወደ ቁጥር ይለውጣል፣ ይደምራል፣ በ12 ይገድፋል፤ የተረፈውን ይዞም «ኮከብህ አቅራብ ነውና ከእገሊት ጋር አትስማሙም» ይላል። ልብ እንበል! ይህ ሁሉ ሲሆን ማንም ቀና ብሎ አላየም። ሥራው በጠራራ ፀሐይ፣ በጓዳ ውስጥ፣ በር ተዘግቶም ይሠራል። የተቆጠረው ፊደል እንጂ ኮከብ አይደለም። እውነተኛው አቅራብ ግን በግንቦት መጨረሻ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ በደቡብ ምሥራቅ በኩል፣ ጅራቱን ቆልምሞ፣ ልቡ ላይ ቀይ ኮከብ ይዞ ይታያል። «አቅራብ ነህ» ተብለው እጮኛቸውን ከተዉት መካከል ይህን ያየ ስንቱ ይሆን?

የመጀመሪያው ልዩነት በጥያቄው ላይ ነው። አስቆጣሪው «ስለ እኔ ምን ትላለህ?» ይላል፤ ተመልካቹ ግን «አንተ ምንድን ነህ?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለተኛው ልዩነት ከዚህ ይበልጣል፤ ይኸውም ቆጣሪው ስሕተቱ አይያዝም፤ ያልሠራለት ሁሉ ምክንያት አለው። የሚያይ ሰው ግን ሰማዩ ራሱ ያርመዋል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ፀሐይ በላሊበላ ሰማይ ቀለበት መስላ ስትታይ፣ ደቂቃው ሳይቀር አስቀድሞ ተነግሮ ነበር። ባይሆን ኖሮ ተናጋሪዎቹ ባፈሩ ነበር። እንዲህ ራሱን ለማፈር አሳልፎ የሚሰጥ ዕውቀት ይከበራል።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በድሜጥሮስ ስም የሚታወቀው ባሕረ ሐሳባችን የፀሐይን 365 ቀንና የጨረቃን 354 ቀን አስተያይቶ፣ የ11 ቀኑን ልዩነት አበቅቴ ብሎ፣ በዓላትን በ19 ዓመት ዑደት ያወጣል። ማንም ወጣት ሊፈትነው ይችላል፤ በኅዳር ጨረቃ ሙሉ የሆነችበትን ቀን ጽፎ ያስቀምጥ፤ በሚቀጥለው ዓመት 11 ቀን ያህል ቀድማ ያገኛታል። ዳሩ ግን በትጋት የሚመዘግብ ሰው ሌላም ነገር ይደርስበታል። በሐሳብ የምትወጣው ጨረቃ ዛሬ በሰማይ ከምትታየው 4 ወይም 5 ቀን ትዘገያለች። ዑደቱ በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ስለሚስት ነው። ታዲያ በደብተራችን ምን እንጻፍ? ያየነውን ነው እንጂ! የበዓሉን ሥርዓት የሚወስኑ አባቶች አሉ፤ የደብተሩ ኃላፊ ግን እኛ ነን። ደግሞም ያለ መሣሪያ ተሠርቶ በ300 ዓመት አንድ ቀን ብቻ የሚስት ስሌት ቢታወቅበት ያስከብራል እንጂ አያሳፍርም።

«ይህስ ለጠገበ ሰው ነው» የሚሉ አሉ። ሰማይ ግን ገንዘብ አይጠይቅም። ወልቂጤና ቡታጅራ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ላይ ስለሆኑ፣ አውሮፓ ያለ ሰው የማያገኘውን እናያለን፤ በግንቦት ምሽት ወደ ደቡብ ዞር ብንል የደቡብ መስቀል፣ ወደ ሰሜን ዞር ብንል ትልቁ ድብ በአንድ ሰዓት ይታያሉ። መብራት ሲጠፋ ሁላችንም እናማርራለን፤ ለዚህ ሥራ ግን ከዚያ የተሻለ ረዳት የለም። ክረምቱ አልፎ ለመስቀል ከአዲስ አበባ የሚመጡ ወንድሞችና እኅቶች ከጭፈራው ወጣ ብለው ቀና ቢሉ፣ በከተማ ያጡትን ሰማይ እዚህ ያገኙታል።

ዓይን ከለመደ በኋላ 10 ጊዜ የሚያጎላ ባለ ሁለት ዓይን የርቀት መነጽር ይበቃል። ጋሊሌዎ በ1610 እ.ኤ.አ. ያያቸው አራቱ የጁፒተር ጨረቃዎች በዚህ ይታያሉ፤ በመጽሐፈ ኢዮብ የተጠቀሱት ሰባቱ ከዋክብትም በደርዘን ይሆናሉ። (በዚህ መነጽር ፀሐይን ማየት ግን ዓይን ያጠፋል፤ ለታናናሾቻችን አጥብቀን እንንገር።) በ2012 ዓ.ም. በዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በኩል የአገራችን ስም የተሰጠው ኮከብም አለ፤ ኮከቡ ቡና፣ በዙሪያው የሚዞረው ዓለም አቦል ተብለዋል። ከእኛ 200 የብርሃን ዓመት ያህል ስለሚርቅ በባዶ ዓይን አይታይም፤ መነጽር የያዘ ግን ሊፈልገው ይችላል። ቶናና በረካ የሚባሉ ይገኙ እንደሆነ ጊዜ ያሳየናል።

የሚያስተምረን ማን ነው ለሚል፣ የትምህርት ቤቱን የፊዚክስ መምህር እንጠይቅ፤ ጉብሬ ያለው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲም ሩቅ አይደለም። አዲስ አበባ የሚሄድ ደግሞ እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች የቆሙበት መመልከቻ ጣቢያ እንዳለ ይወቅ። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ጀማሪዎችን ስለሚረዳ ክበብ ለማቋቋም የምናስብ ደብዳቤ ብንጽፍለት መልካም ነው።

እስከዚያው አንድ ቀጥ ያለ እንጨት ይበቃናል። በየዓመቱ ሚያዝያ 3 ቀን አካባቢ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በግቢያችን ብንተክለው ጥላው ከሥሩ ገብቶ ይጠፋል፤ ፀሐይ ትክክል አናታችን ላይ ስለምትሆን ነው። ነሐሴ 26 ቀን አካባቢም ዳግመኛ ትመጣለች፤ ያን ጊዜ ግን ደመናውን ማን ያነሣልናል!