በጐልማሳነት ወደ ትምህርት የሚመለስ ሰው የማንን ጊዜ ይወስዳል?

ሰው ትዳር መሥርቶ፥ ልጆች ወልዶና ሥራ ይዞ ሳለ፥ በልጅነቱ የተቋረጠበትን ትምህርት ለመቀጠል ወደ ኮሌጅ ቢመለስ መልካም ያደርጋልን? ይህን ብንጠየቅ ብዙዎቻችን ሳንዘገይ «አዎን» ብለን እንመልሳለን፤ ትምህርት ክቡር ነገር ነውና። ነገር ግን ጥያቄው በዚህ አያበቃም። ያ ሰው ለደብተሩ የሚሰጠው ሰዓት ቀድሞ የሌሎች ነበረ፤ ለመመዝገቢያ የሚከፍለውም ገንዘብ ከቤተ ሰቡ መሶብ የወጣ ነው። እንግዲህ ይህ መልካም ነገር በማን ድካም እንደሚገዛ ልንመረምር ይገባናል።

ነገሩን በአሳብ ብቻ እንዳንይዘው፥ ከጅጅጋ ተነሥቶ በቶጎ ውጫሌ በኩል ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ መንገደኛ ወደሚደርስባት ወደ ሐርጌሳ ከተማ እንመልከት። (ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።) በ1988 በሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ተዋጊዎችና በዚያድ ባሬ መንግሥት ጦር መካከል በከተማይቱ ውስጥ ውጊያ በተነሣ ጊዜ፥ የጦር አውሮፕላኖች ከዚያችው ከተማ ማረፊያ እየተነሡ ያችኑ ከተማ ደበደቡ። አብዛኛው ቤት ፈረሰ፤ በመቶ ሺሆች የሚቈጠር ሕዝብም ወሰን ተሻግሮ ወደ አገራችን ወደ ሐርተ ሼኽና ወደ ሌሎች የስደተኞች ሰፈሮች ገባ። በ1991 መንግሥቱ ወድቆ ሶማሌላንድ ራሷን የቻለች መሆንዋን ባወጀች ጊዜ፥ ስደተኞቹ ወደ ፍርስራሹ ይመለሱ ጀመር። በከተማይቱ መካከል እስከ ዛሬ ድረስ አንድ የጦር አውሮፕላን በሐውልት ላይ ሆኖ ያን ዘመን ያሳስባል።

በ1988 የ12 ዓመት ልጅ የነበረውን ሰው በአሳባችን እንውሰድ። የተማሪነቱን ዕድሜ በድንኳን ውስጥ አሳለፈ፤ ሲመለስም የመጀመሪያ ሥራው ጡብ መሸከም ሆነ። በቦረማ ከተማ የአሙድ ዩኒቨርሲቲ በ1998፥ የሐርጌሳ ዩኒቨርሲቲም በ2000 ተቋቋሙ፤ ያን ጊዜ ሰውዬው 24 ዓመት ሞላው። ልጆቹ እህል እስኪያገኙ፥ ከዚያም ፊደል እስኪቈጥሩ ድረስ ቢታገሥ፥ ዕድሜው ወደ አርባ ይደርሳል። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፥ ዕውቀቱን ከመሻቱ በፊት ቋንቋውን መሻት አለበት። ይህ ሰው ትምህርቱን ያጣው በስንፍና አይደለም፤ ስለዚህ ምኞቱ ትክክለኛ ምኞት ነው፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም።

«ሽበት ከበቀለ በኋላ ከልጆች ጋር መቀመጥ ያሳፍራል» የሚሉ አሉ። ይህን ክርክር በአጭሩ እናልፈዋለን። የሶማሊኛ ቋንቋ በ1972 በመንግሥት የታወቀ ፊደል ካገኘ በኋላ፥ በ1974 እና በ1975 ተማሪዎች ወደ ገጠር ተልከው ከብት አርቢዎችን ማንበብና መጻፍ አስተምረዋል። ሽማግሌው በወጣቱ ፊት ተቀምጦ ተማረ፤ በዚህም ክብሩ አልተቀነሰበትም። በአገራችንም ከ1979 ጀምሮ በተደረገው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አያት ከልጅ ልጁ ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጦአል። ማወቅ ይልቅ ያስከብራል እንጂ አያሳፍርም።

ከዚህ የሚከብደው ሌላው ክርክር ነው። ሰውዬው «ጊዜው የእኔ ነው» ይላል። «ከሐረርጌ፥ ከአወዳይ በየቀኑ በመኪና የሚመጣውን ጫት ይዘው ከቀትር በኋላ ያለውን ሰዓት ሁሉ በመቃም የሚፈጁትን ጎረቤቶቼን ተመልከቱ፤ እኔ ያንኑ ሰዓት በመጽሐፍ ላይ ባውለው ማን ይከሰኛል?» ይላል። በእውነት መጽሐፍ ከጫት ይሻላል። ነገር ግን ከክፉ የተሻለ ሁሉ ትክክል አይሆንም። ለሚስቱ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ባልዋ ከቤት የለም። ልጁም አባቱ ወዴት እንደ ሄደ ሳይሆን፥ እንዳልመጣ ብቻ ያውቃል።

ሦስተኛው ክርክር ከሁሉ ይልቅ መልካም ስለሚመስል ከሁሉ ይልቅ ያታልላል፤ ይኸውም «የምማረው ለልጆቼ ብዬ ነው» የሚለው ነው። በዚህ ነገር ከሌላው ይልቅ ራሳችንን እንከሳለን። እኛም በሠላሳ ዓመት ዕድሜያችን፥ ሁለት ልጆች ይዘን ወደ ትምህርት ተመልሰን ነበር። በቤታችን አንድ ፋኖስ ብቻ ስለ ነበረ፥ ፋኖሱ ወደ መጽሐፋችን ሲቀርብ ባለቤታችን በጨለማ ትሠራ ነበር። ልጆቹም «አባባ ያነብባል» እየተባባሉ በእግራቸው ጣት መራመድ ለመዱ። አንድ ጊዜ ፈተና በቀረበ ሰሞን ታናሹ ልጃችን ሦስት ሌሊት በትኵሳት ሲቃጠል፥ እናቱ ብቻዋን ተቀምጣ አደረች፤ እኛንም አልቀሰቀሰችንም። ነገሩን የሰማነው ፈተናው ካለፈ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ትዕግሥትዋን አመሰገንን፤ ምስጋናችንም የሚበቃ መሰለን። ከብዙ ዓመት በኋላ ግን፥ ከመመዝገባችን በፊት ፈቃድዋን አንድ ቀን እንኳ ያልጠየቅናት መሆናችን ትዝ አለን። ለልጆቻችን ብለን ተምረናል፤ ነገር ግን ልጃችን በታመመበት ሌሊት በአጠገቡ አልነበርንም።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ባል አንድ መመርመሪያ እናቀርባለን። በሐርጌሳ ገበያ ሱቅ እየጠበቁ፥ ወተትና ልብስ እየሸጡ ቤተ ሰብን የሚያስተዳድሩ ሴቶች ብዙዎች ናቸው። ከእነዚህ አንዲቱ ማታ ወደ ቤትዋ ገብታ፥ «እኔም ትምህርቴን ልቀጥል፤ አንተ ልጆቹን አብላ፥ አስተኛ» ብትለው ባልዋ ምን ይመልስላታል? ለራሱ የሚጠይቀውን ለእርስዋ የሚከለክል ሰው፥ የሚወድደው ዕውቀትን ሳይሆን ራሱን ነው።

እንግዲህ መማር ይቅርን? አይቅር። በጐልማሳነት የሚገኝ ትምህርት ብድር መሆኑን ግን እንወቅ፤ አበዳሪዎቹም ሚስት፥ ባል፥ ልጆች፥ ከባሕር ማዶ ገንዘብ የሚልክ ወንድምም ናቸው። ብድር ነውር አይደለም፤ ነውሩ የወሰዱትን እንደ ራስ ሀብት መቍጠር ነው። የተመለሰ ብድር ምን እንደሚመስል በዚያችው ከተማ ይታያል። ወይዘሮ ኤድና አዳን ኢስማኢል በ1950ዎቹ በእንግሊዝ አገር የነርስነትና የአዋላጅነት ትምህርት ተምረው ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በዓለም የጤና ድርጅትም ሠርተው ጡረታ ከወጡ በኋላ ያላቸውን ሀብት አፍስሰው በ2002 በሐርጌሳ የወላዶች ሆስፒታል ከፈቱ። በዚያም ሌሎችን ነርሶችና አዋላጆች አስተማሩ። ወጣት ሳሉ የተማሩት ትምህርት በሽምግልናቸው ለሌሎች እናቶች ተረፈ።

የሚበደር ሰው ሦስት ነገር ያድርግ። አስቀድሞ፥ ከመመዝገቡ በፊት፥ ከቤተ ሰቡ ጋር ተቀምጦ ይጠይቅ፤ ግንብ ሊሠራ የወደደ ሰው ኪሣራውን እንደሚቈጥር፥ ዓመቱን፥ ገንዘቡንና ሌሊቱን አብረው ይቍጠሩ። ሁለተኛ፥ የማይነካ ጊዜ ይለይ፤ አንድ ማታ ወይም አንድ የዕረፍት ቀን ለቤቱ ብቻ ይሁን፤ ፈተናም ቢመጣ አይሻር። ሦስተኛ፥ ክፍያውን እስከ ምረቃ ቀን አያቆይ፤ ዛሬ የተማረውን ዛሬ ማታ ለልጁ ያስረዳ፥ እንጨቱን ይፍለጥ፥ ውሃውን ይቅዳ። በቤት ሕመም ወይም ራብ ካለ ግን፥ አንድ ዓመት መጠበቅ መሸነፍ አይደለም።

ቤተ ሰብም የራሱ ዕዳ አለበት። «አሁንማ አርጅተሃል፤ አሁንማ ወልደሻል» እያለ በሩን የሚዘጋ ቤት፥ በጦርነት ወይም በድህነት የተዘረፈውን ሰው ሁለተኛ ይዘርፈዋል። ከተማይቱን የሠሩ እጆች ተማሪ ለመሆን በሚዘረጉ ጊዜ፥ የሚይዛቸው እጅ ያስፈልጋቸዋል።

ወዳጆች ሆይ፤ ከእናንተ መካከል በዚህ ዓመት ለመመዝገብ ያሰበ ቢኖር፥ ወደ መዝጋቢው ከመሄዱ በፊት ዛሬ ማታ በምድጃው ዳር ተቀምጦ ይህን ጥያቄ ያቅርብ፦ «ጊዜያችሁን ታበድሩኛላችሁን?» መልሱንም እስከ መጨረሻው ይስማ።