በመኪና ለሚሄዱ ሕፃናት የሚገባ ጥንቃቄ

ልጅ ለወላጁ የተሰጠው እንደ ሀብት ሳይሆን እንደ አደራ መሆኑን በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች የሚኖረው ሕዝብ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ አጥብቆ ያምናል። ስለዚህም ሕፃኑ በታመመ ጊዜ እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር የሚያድር፣ ለትምህርት በደረሰ ጊዜ ከጉርሱ ቀንሶ የሚያለብሰው፣ ለጥቂት ጊዜ ከዓይኑ በተሰወረ ጊዜ መንደሩን በሙሉ በጩኸት የሚያስነሣ ወላጅ ብዙ ነው እንጂ በልጁ የሚጨክን በመካከላችን በቀላሉ አይገኝም። ይሁን እንጂ በቤትና በመንደር እንዲህ የበረታው ጥንቃቄ የመኪናው በር ሲከፈት ፈጽሞ እንደሚላላ፣ ልጁም ጥበቃ ከሁሉ ይልቅ በሚያስፈልገው ሰዓት ያለ ጥበቃ እንደሚቀር ሳስብ፣ በዚህ ነገር ዝም ማለት ከበደል የሚቆጠር ሆኖ ስለ ታየኝ፣ ይህን ምክር ለወላጆችና ለመኪና ባለቤቶች አቀርባለሁ።

የቡና ለቀማ በሚደርስበት ወራት፣ ከጥቅምት ጀምሮ፣ ከጅማ ወደ አጋሮና ወደ በደሌ፣ ወደ ሊሙ ገነት፣ የጎጀብንም ወንዝ ተሻግረው ወደ ቦንጋ የሚወስዱት መንገዶች፣ ከአስፋልቱ ተገንጥለው ወደ እርሻዎቹ የሚገቡት የፒስታ መንገዶች ጭምር፣ በአራቱም ጎማ በሚጎትቱ መኪናዎች፣ ይኸውም በላንድክሩዘርና በሃይሉክስ ይሞላሉ። በእሑድ ጠዋት ከጅማ ሰፈሮች፣ ከፈረንጅ አራዳ ወይም ከሂርማታ፣ ተነሥተው ለዘመድ ጥየቃ ወደ አጋሮ ከሚሄዱት ወደ አንዱ ቀረብ ብሎ የተመለከተ ሰው የሚያየው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ አባት መሪውን ይዟል፤ እናት በጋቢናው ተቀምጣ ጡት የሚጠባውን ሕፃን በነጠላዋ ሸፍና አቅፋዋለች፤ የአራት ዓመቱ ልጅ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል ቆሞ፣ በአንድ እጁ የአባቱን ትከሻ፣ በሌላው የእናቱን ወንበር ጨብጦ መንገዱን ያያል፤ ትልልቆቹ ደግሞ ከኋላ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት በተተከሉት አግዳሚ ወንበሮች ላይ ከጆንያውና ከጄሪካኑ ጋር ተደባልቀው ይሣሣቃሉ። በዚያ መኪና ውስጥ ሁሉም ደስ ብሏቸዋል፤ ከአባት በቀር ግን ቀበቶ ያሰረ አንድም የለም።

የዚህ ልማድ ሥር፣ የእናት እቅፍ ከሁሉ የሚበልጥ መሸሸጊያ ነው የሚለው እምነት ነው፤ ከብርድና ከረኃብ፣ ከፍርሃትና ከልቅሶ ለመጠበቅም በእርግጥ ከእርሱ የሚበልጥ የለም። መኪና በግጭት በድንገት ሲቆም የሚነሣው ኃይል ግን በፍቅር የሚመለስ አይደለም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከዛፍ ወይም ከሌላ መኪና ጋር ቢጋጭ፣ መኪናው ቢቆምም በውስጡ ያለው ሁሉ በዚያው ፍጥነት ወደ ፊት መሄዱን ስለማይተው፣ 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በዚያች ቅጽበት በእናቱ ክንድ ላይ የሚያሳርፈው ጫና ወደ 200 ኪሎ ይደርሳል። ሁለት ኩንታል ቡና ከመኪና ላይ ቢወረወርባት በእጄ እቀልበዋለሁ የምትል እናት ከሌለች፣ ልጄን አጥብቄ ስለ ያዝሁት አያመልጠኝም ማለትም ከንቱ መጽናኛ ነው። እናቲቱ ራሷ ያልታሰረች እንደ ሆነ ደግሞ የገላዋ ክብደት ሕፃኑን ከዳሽቦርዱ ጋር ይጨፈልቀዋል፤ በአንዱ ቀበቶ ራሷንና ልጇን አንድ ላይ ብታስርም፣ ቀበቶው የእርሷን ክብደት በሙሉ በሕፃኑ ሆድ ላይ ስለሚያሳርፈው፣ ለመዳኛ የተሠራው ለመጥፊያ ይሆናል።

ሁለተኛው የተሳሳተ መተማመኛ የመኪናው ትልቅነት ነው። ላንድክሩዘር የከፋንና የሊሙን ጭቃ ጥሶ ማለፉ በሥራ የተመሰከረለት ስለ ሆነ፣ ብዙ ሰው የመኪናውን ብርታት በውስጡ ለተቀመጠውም ሰው ብርታት አድርጎ ይቆጥረዋል። ነገር ግን የብረቱ ብርታት የሚጠቅመው ከመኪናው ጋር አንድ ሆኖ ለታሰረ ሰው ነው። ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ መኪና በጠባብ ኩርባ ላይ ወይም የመንገዱ ዳር በተናደበት ጊዜ ከዝቅተኛው መኪና ይልቅ ለመገልበጥ የቀረበ ነው፤ በተገለበጠም ጊዜ ያልታሰረ ሕፃን በመስኮት ተወርውሮ ሊወጣ ይችላል፤ ከወልቂጤ ወዲህ ወደ ግቤ ወንዝ የሚወርደውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የሚያውቅ መንገደኛ ይህ ከንቱ ሥጋት አለመሆኑን ያውቃል። የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እንዳስታወቀው፣ የሕፃናት ወንበር፣ ማለት በመኪናው መቀመጫ ላይ የሚታሰረው የልጅ ልዩ መቀመጫ፣ በአነስተኛ አውቶሞቢል ውስጥ ዓመት ያልሞላው ሕፃን በአደጋ የመሞት ዕድሉን በ71 በመቶ፣ ከ1 እስከ 4 ዓመት የሆነውን ልጅ ደግሞ በ54 በመቶ ይቀንሳል፤ በፒክአፕና ይህን በመሳሰሉት ከፍ ያሉ መኪናዎች ውስጥ ቅናሹ 58 እና 59 በመቶ ነው። እንግዲህ መኪናው ትልቅ መሆኑ ወንበሩን ትርፍ ነገር እንደማያደርገው ቁጥሩ ራሱ ይመሰክራል።

ይህ ወንበር የሀብታም ጌጥ ሆኖ የተፈጠረ ሳይሆን ከብዙ ምርምር የተገኘ ነው። የቮልቮ ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ኒልስ ቦሊን ዛሬ በየመኪናው የምናየውን፣ ትከሻንና ወገብን ባንድነት የሚይዘውን ቀበቶ እ.ኤ.አ. በ1959 ካስገኘ በኋላ፣ ያው ቀበቶ ለአዋቂ ሰው እንጂ ለሕፃን ገላ የማይስማማ መሆኑ ስለ ታወቀ፣ የስዊድኑ ሊቅ በርቲል አልድማን፣ ወደ ጠፈር የሚላኩት ሰዎች የመነሻውን ብርቱ ኃይል በጀርባቸው ተንጋለው እንደሚቀበሉት ተመልክቶ፣ የሕፃን ፊት ወደ መኪናው ኋላ የሚዞርበትን ወንበር አሰበ፤ ቮልቮም እ.ኤ.አ. በ1964 ፈተነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የጨቅላ ራስ የቁመቱን ሩብ ያህል ሲሆን የአዋቂ ሰው ራስ ግን ከቁመቱ ስምንተኛ እጅ ገደማ ነው፤ ያን ከባድ ራስ የተሸከመው አንገት ደግሞ አጥንቱ ገና ያልጠነከረ ስለ ሆነ፣ ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ የተቀመጠ ጨቅላ በግጭት ጊዜ ራሱ ወደ ፊት ሲወረወር አንገቱ ሊበጠስ ይችላል፤ ወደ ኋላ ዞሮ የተቀመጠው ግን ኃይሉን በጀርባው በሙሉ ተካፍሎ ይቀበለዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፤ ጨቅላ ሕፃን ፊቱ ወደ መኪናው ኋላ ይዙር። ስለ ሕፃናት ወንበር የወጣው 129ኛው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ይህን ቢያንስ እስከ 15 ወር ያዝዛል፤ በስዊድን አገር ግን ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን እስከ 4 ዓመት እንዲሁ ያስቀምጣሉ፤ ወንበሩ የሚፈቅደው ክብደትና ቁመት እስኪያልፍ ድረስ ባይቸኩሉ መልካም ነው። ሁለተኛው ሕግ የልጅ ቦታ የኋላው ወንበር መሆኑ ነው፤ በተለይም ኤርባግ ባለበት ጋቢና ወደ ኋላ የዞረ የሕፃን ወንበር ማስቀመጥ፣ ኤርባጉ ሲፈነዳ ወንበሩን ከነሕፃኑ ስለሚመታው፣ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ወንበሩ መገዛቱ ብቻ ግን ሥራውን አይፈጽምም፤ ላልቶ የታሰረ ወንበር ካልታሰረው ብዙም አይሻልምና። አሳሪው ወንበሩን በኋላው መቀመጫ ላይ ካመቻቸ በኋላ፣ የመኪናውን ቀበቶ በወንበሩ ላይ በተመለከተው መተላለፊያ ሳያጣምም ያሳልፈው፤ ዘለበቱም ቀጭ ብሎ መቆለፉን በጆሮው ይስማ። ከዚያም ጉልበቱን ወንበሩ ላይ አሳርፎ በክብደቱ ወደ ታች እየተጫነ፣ በእጁ የቀበቶውን ትርፍ እስኪወጠር ድረስ ይሳብ፤ በላንድክሩዘር ውስጥ የመቀመጫው ስፖንጅ ወፍራም ስለ ሆነ ይህ መጫን የግድ ነው። በመጨረሻም ወንበሩን ቀበቶው በሚያልፍበት ስፍራ ይዞ ግራና ቀኝ፣ ፊትና ኋላ ይነቅንቀው፤ ከ2 ሳንቲ ሜትር ተኩል በላይ ከተንቀሳቀሰ፣ አልታሰረምና እንደገና ይጀምር። በዘመናዊዎቹ መኪናዎች መቀመጫና መደገፊያ በሚገናኙበት ስንጥቅ ውስጥ አይሶፊክስ የሚባሉ ሁለት የብረት መያዣዎች ስላሉ፣ ለእነዚያ የተሠራ ወንበር ያለው ሰው ሥራው ይቀልለታል። ወደ ፊት የሚያይ ወንበር የላይኛው ማሰሪያ ያለው እንደ ሆነ እርሱም ይታሰር፤ የሚታሰረው ግን መኪናውን የሠራው ኩባንያ ለዚሁ ባዘጋጀው መያዣ ላይ እንጂ ለዕቃ መጠፈሪያ በተተከለው ቀለበት ላይ አይደለም፤ ያ ቀለበት ጆንያ ለመያዝ እንጂ የግጭት ኃይል ለመቻል አልተሠራምና።

ልጁ ራሱ ሲታሰርም የትከሻው ማንገቻ ወደ ኋላ ለዞረው ሕፃን በትከሻው ልክ ወይም ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ ወደ ፊት ለሚያየው ደግሞ በትከሻው ልክ ወይም ከዚያ ከፍ ብሎ ይውጣ፤ በደረቱ ላይ በጣት ተቆንጥጦ የሚነሣ ትርፍ አይኑርበት። ጋቢም ሆነ ብርድ ልብስ ከማሰሪያው በላይ ይደረባል እንጂ ከሥር አይጠቀለልም፤ ወፍራም ልብስ በግጭት ጊዜ ስለሚታመቅ ማሰሪያውን ያላላዋልና። ወንበሩ የጠበበው ልጅ ወደ አዋቂ ቀበቶ ወዲያው አይዛወር፤ ቁመቱ ወደ 1 ሜትር ከ45 እስኪጠጋ ድረስ ከፍ የሚያደርግ ወንበር ከሥሩ ተደርጎለት፣ ቀበቶው በሆዱ ሳይሆን በታፋው አጥንት፣ በአንገቱም ሳይሆን በትከሻው መካከል ይለፍ፤ ትከሻ የሚይዝ ቀበቶ በሌለበት መቀመጫ ላይ ግን ይህ ዓይነቱ ወንበር አያገለግልም።

ስለ አሮጌዎቹ ላንድክሩዘሮች የተለየ ቃል መናገር ያስፈልጋል። በጎን የተተከሉት አግዳሚ ወንበሮች ለየትኛውም የሕፃን ወንበር ቦታ አይሆኑም፤ ወንበሩ የተፈተነው ወደ ፊት በሚያይ መቀመጫ ላይ ብቻ ነውና። ቤተሰብ የሚያመላልስበት መኪና እንዲህ ያለ የሆነበት ሰው፣ ወደ ፊት የሚያይ መቀመጫና ቀበቶ በሙያው በታወቀ ባለሙያ ዘንድ በሻሲው አጠንክሮ ያስተክል። ከኋላ የሚጫነው ጆንያ፣ ጄሪካን፣ ክሪክ በገመድ ይጠፈር፤ በግጭት ጊዜ ያልታሰረ ዕቃ በልጅ ጀርባ ላይ የሚወረወር ድንጋይ ነው። የመንገድ ንዝረት የታሰረውን ስለሚያላላም፣ ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ ሰው በወልቂጤና በሰኮሩ ለዕረፍት ሲቆም ወንበሩን እንደገና ይነቅንቅ።

ገንዘብ የሚያጥረው ወላጅ ይህን ሁሉ ሰምቶ ሊያዝን እንደሚችል አውቃለሁ። ነገር ግን ልጁን በኋላው ወንበር በራሱ ቀበቶ ማሰር፣ በመካከል እንዲቆም አለመፍቀድ፣ መሪ ይዞ በጭን ላይ አለማስቀመጥ፣ ፍጥነት መቀነስ፣ የሌሊት መንገድን መተው ገንዘብ አይጠይቁም። በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ለልጁ ስጦታ ልላክ ሲል ከአሻንጉሊት ይልቅ ይህን ወንበር እንዲልክ ይጠየቅ። ያገለገለ ወንበር የሚቀበል ሰው ግን በግጭት ውስጥ ያላለፈ፣ ፕላስቲኩ ያልተሰነጠቀ፣ የማገልገያ ዘመኑ ያላለፈ፣ በክብ ውስጥ የተጻፈው የማረጋገጫ ምልክት ያለበት መሆኑን ይመርምር፤ ታሪኩ የማይታወቀውን ይተወው። የቡና ነጋዴዎች፣ የእርሻ ድርጅቶችና መሥሪያ ቤቶችም በመኪናቸው የሠራተኛ ቤተሰብ የሚጓዝ ከሆነ ወንበሩን ከመኪናው ዕቃ ጋር ቢያዘጋጁ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞችና አዋላጆችም እናትን ከነጨቅላዋ ሲያሰናብቱ ስለ ክትባቱ እንደሚመክሯት ሁሉ ስለ ጉዞዋም ቢመክሯት፣ ለአገር ትልቅ በጎ ሥራ ይሆናል።

ጠባቂው ፈጣሪ ነው፣ ከታዘዘው ቀን ማንም አያልፍም ብለው የሚመልሱ አሉ። ጠባቂው ፈጣሪ መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም እርሱ ለሰው አእምሮ የሰጠው እንዲሠራበት ነው፤ በሌሊት በሩን የሚቀረቅር፣ ቡናውን ከዝናብ የሚሸፍን ሰው በፈጣሪው አልታመነም እንደማይባል ሁሉ፣ ልጁን የሚያስርም ሰው እምነቱን አላጎደለም። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208 የደኅንነት ቀበቶን ግዴታ ያደረገው ስለዚሁ ነው፤ ትራፊክ ፖሊስ ሲያይ ብቻ የሚታሰር ቀበቶ ግን ደንቡን ያታልል እንደ ሆነ እንጂ ሞትን አያታልልም።

እንግዲህ እናንተ ወላጆች፣ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ነገ ከማለት ዛሬ ጀምሩ። ሕፃን ራሱን ማሰር አይችልም፤ አባቱንም ቀስ በል ብሎ አይገሥጽም፤ የሚያለቅሰው ታስሮ እንዲቀመጥ ሲገደድ ነውና ለልቅሶው ብላችሁ አትፍቱት። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት ወደ ኋላ ዞራችሁ እያንዳንዱን ዘለበት በእጃችሁ ንኩ፤ ያልታሰረ ልጅ ካለ መኪናው አይንቀሳቀስ።