የደንጊያ ውበትና የሰው እጅ

በመሥሪያ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ፥ ከመዛግብቱ መካከል፥ አንዲት ደንጊያ ተቀምጣለች። ርዝመቷ ከአውራ ጣት እምብዛም አይበልጥም፤ ስድስት ገጽ አላት፤ ወደ ብርሃን ቢያነሧት በሥሯ በኩል ጥቂት ደመና ይታያል እንጂ እንደ ምንጭ ውሃ የጠራች ናት። ባለጉዳይ ሁሉ ሲገባ አንሥቶ ያገላብጣታል፤ «ማን ቀረጻት?» ብሎ የማይጠይቅም ጥቂት ነው። ማንም አልቀረጻትም ብለን ስንመልስ በሙሉ ልቡ አያምነንም።

እንዲህ ያለውን ደንጊያ የዘመኑ ሊቃውንት ክሪስታል ይሉታል፤ በኛ መጻሕፍት ብርሌ ተብሎ እናገኘዋለን፤ ጠጅ የምንጠጣበትም ዕቃ በዚሁ ስም ይጠራል። ነገሩን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። ከወጥ ቤት ጥቂት ጨው ቆንጠር አድርገን በማጉያ መነጽር ብንመለከት፥ ብዙዎቹ ቅንጣቶች እንደ ትንንሽ ሣጥን ባለ ማዕዘን ሆነው እናገኛቸዋለን። ይህም በዐይን የማይታዩት አቶሞች እንደ ሰልፈኛ ወታደር በየረድፋቸው ስለሚቆሙ ነው። ስቴኖ የተባለው የዴንማርክ ተወላጅ እ.ኤ.አ. በ1669 እንደ ገለጸው፥ የዚህ ዐይነቱ ደንጊያ ትንሽም ይሁን ትልቅ፥ ከየትም አገር ይምጣ፥ በተመሳሳይ ገጾቹ መካከል ያለው ማዕዘን አይለወጥም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ደንጊያ መሰብሰብ በብዙ አገር ትልቅ ሙያ ሆኗል። ሰብሳቢዎቹ የሚሹት ጫፉ ያልተሸረፈውን፥ ገጹ ያልተጫረውን፥ ቢቻል በበቀለበት እናት ደንጊያ ላይ እንደ ቆመ የተገኘውን ነው። «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለነርሱ የተነገረ ይመስላል፤ የጫፍ ሽራፊ የደንጊያውን ዋጋ ከግማሽ በታች ሊያወርደው ይችላልና። እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ምድር በብዙ ሺሕ ዓመታት የሠራችውን ውብ ነገር ከቦታው ነቅሎ በመደርደሪያ ማኖር መውደድ ነው ወይስ መዝረፍ?

መውደድ ነው የሚሉት ሰዎች ማስረጃ አያጡም። በናሚቢያ አገር ፁሜብ የሚባል የማዕድን ጉድጓድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1996 ተዘግቷል። ባለቤቶቹ የሚፈልጉት መዳብ፥ እርሳስና ዚንክ ነበር፤ ለእቶን የአረንጓዴ ክሪስታል ውበት ምኑ ነው? ሠራተኞቹ ደብቀው ያላወጡት፥ ሰብሳቢም ያልገዛው ሁሉ ተፈጭቶ ቀለጠ። ዛሬ በየሙዚየሙ የምናደንቃቸው የፁሜብ ደንጊያዎች ከእሳት የተረፉ ናቸው። ከዚህ ላይ ሰብሳቢውን ሌባ ማለት ይከብዳል።

ነገር ግን ሜክሲኮ ውስጥ ናይካ በሚባለው ስፍራ የሆነውን ደግሞ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2000 የማዕድን ሠራተኞች ሦስት መቶ ሜትር ያህል ከመሬት በታች ሲቆፍሩ አንድ ዋሻ አገኙ። በውስጡ ከጂፕስም የተሠሩ፥ ከሁሉ የሚረዝመው 11 ሜትር ያህል የሚሆን፥ እንደ ወደቀ ዋርካ ግንድ የተጋደሙ ክሪስታሎች ነበሩ። ሙቀቱ ወደ 58 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርስ ስለ ነበር ያለ ልዩ ልብስ ከጥቂት ደቂቃ በላይ መቆየት ለሕይወት ያሰጋል። ክሪስታሎቹ በሙቅ ውሃ ውስጥ ያደጉት በጣም በዝግታ ነው። ዋሻው ለሰው የተገለጠው ለማዕድኑ ሥራ ሲባል ውሃው በፓምፕ ስለ ተመጠጠ ነው፤ በዚያው ቀን ዕድገታቸው ቆመ። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ሥራው ሲቋረጥ ውሃው ተመልሶ ሞላው። አሁን ማንም አያያቸውም። ይህን ስናስብ እናዝናለን ወይስ ደስ ይለናል? እኛ በበኩላችን ደስ ብሎናል፤ ምክንያቱን ግን ለወዳጆቻችን ስናስረዳ ማንንም አላሳመንንም። ማንም የማያየው ውበት ለማን ይጠቅማል ይሉናል።

መስበር ራሱ ሁልጊዜ ክፉ ነው እንዳንልም ፈረንሳዊው ካህን ሬኔ ዡስት አዊ ይከለክለናል። ይህ ሰው በአንድ ወዳጁ ቤት የካልሳይት ክሪስታል ሲመለከት ከእጁ አምልጦት ተሰበረ ይባላል። በኀፍረት ስብርባሪውን ሲለቅም፥ እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ዐይነት ቅርጽ እንዳለው አስተዋለ፤ ከቤቱም ገብቶ የራሱን ስብስብ በመዶሻ ይሰባብር ጀመር። ስለ ክሪስታል አሠራር እ.ኤ.አ. በ1784 ያሳተመው መጽሐፍ የዚህ ምርምር ፍሬ ነው። ልብ እንበል፤ ለዕውቀት ሲል የሰበረው የራሱን ነው።

የኛ ነገር እንደርሱ አልሆነም። ከስድስት ዓመት በፊት ለሥራ ወደ ጎጃም ስንሻገር መኪናችን በዓባይ በረሃ ሞተሩ ግሎ ቆመ። የዐሥር ዓመት ያህል ልጅ ከኩታው ጫፍ የቋጠረውን ፈትቶ ይህችን ደንጊያ አሳየንና «ጋሼ፥ ይግዙኝ» አለን። አምሳ ብር ሰጠነው፤ ገንዘቡን ሁለት ጊዜ አገላብጦ አየውና ሮጠ። በሦስተኛው ቀን ስንመለስ ከዚያው ቦታ ቆሞ ጠበቀን፤ በጀርባው ከረጢት አዝሏል። ከመንገዱ በላይ ጥቂት ርምጃ ወስዶ አሳየን። ድፎ ዳቦ የሚያህል ጎድጓዳ በደንጊያው ውስጥ ነበር፤ ዙሪያውን በክሪስታል እንደ ተለበጠ ከቀሩት ጉቶዎች ይታወቃል። በመጥረቢያ ጀርባ ቀጥቅጦ አርግፎታል። ከረጢቱ ሲፈታ አንድ ጫፉ ያልተሰበረ አልተገኘበትም።

በልጁ መቆጣት አልቻልንም። ያ ጎድጓዳ ከኛ በፊት በዚያው ነበር፤ ዋጋ የቆረጥንለት እኛ ነን። ባንገዛው የሦስት ቀን ድካሙን መካድ ይሆናል፤ ብንገዛው ነገ ሌላውን ጎድጓዳ ይደበድባል። ከብዙ ማመንታት በኋላ ጥቂት ብር ሰጥተን፥ ከእንግዲህ እንዳይሰብር መከርነው።

«ታዲያ ሳልሰብር እንዴት አድርጌ ላውጣልዎ?» አለን።

ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ፤ ጊዜ የለንም ብለን ተሳፈርን። የሙያው ሰዎች እንደሚሉት የተገኘበት ስፍራ ያልተጻፈለት ደንጊያ ግማሽ ዋጋውን ያጣል። ስለዚህ ከደንጊያችን በታች በትንሽ ወረቀት «ዓባይ በረሃ» ብለን ቀኑንም ጽፈን ለጥፈናል። የልጁን ስም አልጠየቅነውም ነበር።