ሲሶ በእርግጥ አያልቅምን?

እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንድን ለሦስት ብታካፍል ካልኩሌተሩ 0.3333 እያለ መስኮቱ እስኪሞላ ሦስትን ይደረድራል። ታዲያ ሲሶ ተሟልቶ ሊሰጥ የማይችል ሐቅ ነውን?

ፈራኢድ ሳስተምር ለብዙ ዘመን ደረሶቼን «አዎን፣ ሲሶ አያልቅም» ስል ኖሬያለሁ። ተሳስቼ ነበር። የማያልቀው አጻጻፋችን ነው።

እኛ የምንጽፈው በአስር እየቆጠርን ነው፤ አስር ደግሞ ለሦስት እኩል አይካፈልም። በአስር ፋንታ በአስራ ሁለት የሚቆጥር ሕዝብ አለ እንበል፤ «10» ብሎ ሲጽፍ አስራ ሁለት ማለቱ ነው። (እንግዳ አይሁንብህ፤ እርሳስ በደርዘን እንገዛ የለምን? የአራቱን ጣቶችህን አንጓ በአውራ ጣትህ ብትቆጥርም አስራ ሁለት ነው።) አስራ ሁለት ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአራትና ለስድስት ስለሚካፈል በዚያ ሕዝብ ጽሑፍ ሲሶ 0.4፣ ሩብ 0.3 ነው፤ አለቀ። እኛ ዘንድ 0.2 ብቻ የሆነው አንድ አምስተኛ ግን በነርሱ ዘንድ 0.24972497 እያለ ማብቂያ ያጣል!

ሰባት በየትኛውም አጻጻፍ ከአንድና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም፤ ይህ የራሱ ጠባይ ነው። ብዙዎች የሚደነቁበት የዘጠኝ ነገር፣ ማለትም የብዜቶቹ አሃዞች ሲደመሩ ወደ ዘጠኝ መመለሳቸው፣ የአጻጻፋችን ውጤት ነው። በአስራ ሁለት ብንጽፍ ይህን ወግ የሚይዘው አስራ አንድ ነው። በቁጥር ተአምር የሚፈልጉ ወንድሞች ይህን ቢያስተውሉ መልካም ነበር።

የፈራኢድ ዑለማዎች ግን ገና ከጥንቱ መንገዱን አግኝተውታል። ሟች ሚስቱን፣ እናቱንና የአባቱን ወንድም ብቻ ትቶ ቢሞት፣ ዕዳና ኑዛዜው ከወጣ በኋላ፣ ለሚስት ሩብ፣ ለእናት ሲሶ፣ ቀሪው ለአጎት ነው። የመስአላው መነሻ አስራ ሁለት ይሆናል፦ ሦስት፣ አራት፣ አምስት። ምንም አይተርፍም፣ ምንም አይጎድልም። አል-ኸዋሪዝሚም በአልጀብራ መጽሐፉ ለኑዛዜና ለውርስ ጥያቄዎች ሰፊ ክፍል ሰጥቷል።

ይኸው መስአላ አንድ ጊዜ እኔው ዘንድ መጣ። ገንዘቡ 10,000 ብር ነበር። ለሚስት 2,500፣ ለእናት 3,333.33፣ ለአጎት 4,166.66 አልኩ። አንድ ሳንቲም ቀረች። «ሲሶ አያልቅም፣ ተዉአት» ብዬ ወረቀቱን አጠፍኩ።

«ሳንቲም ምን ይገዛል?» ትለኝ ይሆናል። ልክ ነህ። ነገር ግን ውርሱ አንዲት ላም ብትሆንስ? «ላም አይከፈልም» ተብሎ የእናት ሐቅ በአጎት በረት ሲቀር አላየንምን? የማትከፈለው ላሟ ናት፤ የእናት ሲሶ ግን ሙሉ ሲሶ ነው፣ ላሟ ተሸጣም ሆነ ተገምታ ይከፈላል። እኔም ያን ቀን ያደረግሁት ከዚህ የራቀ አልነበረም፤ የሳንቲሙን ጉድለት በሐቁ ላይ ጫንኩ። የሌሎችን ገንዘብ «ተዉአት» የማለት ሥልጣን ለአካፋይ ማን ሰጠው?

የዚያች ሳንቲም ሲሶዋ የእናት፣ ሁለት ሦስተኛዋ የአጎት ነበር፤ ሚስት ድርሻዋን ጨርሳ ወስዳለች። ዛሬ ውርስ ሳካፍል አስቀድሜ በወረቀቱ ራስ ላይ ሦስት፣ አራት፣ አምስት ብዬ እጽፋለሁ፤ ወደ ብር የምወርደው ከዚያ በኋላ ነው። የተረፈች ሳንቲም ካለችም የማን የማን እንደሆነች ለባለቤቶቿ ነግሬ ምን ላድርጋት ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። አብዛኞቹ ይስቁብኛል።