ከዋጋው በፊት ወረቀቱን ጠይቅ

ልጄ፣ ሞተር ሳይክል መግዛትህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ በፍራንክፈርት መንገድ በሰላም ያመላልስህ። ማርሚታውን፣ መሪውንና ፍሬቻዎቹን ልትቀይር እንዳሰብክ እናትህ ነግራኛለች። ወጣት ሞተሩን ማሳመር ቢፈልግ ነውር የለበትም። ግን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ነውና፣ መፍቻ ከማንሳትህ በፊት የዚህን አገር ሕግ ስማኝ።

ጀርመን ውስጥ ሞተር መንገድ ላይ የሚወጣው በአገልግሎት ፈቃድ ነው። የተሽከርካሪ ፈቃድ ደንቡ በአንቀጽ 19 እንደሚለው፣ የተሽከርካሪውን ዓይነት የሚለውጥ፣ ሌላውን መንገደኛ ለአደጋ ሊያጋልጥ የሚችል፣ ወይም ጭሱንና ድምፁን የሚያባብስ ለውጥ ከተደረገ ያ ፈቃድ ያበቃል። ማንም መጥቶ አይነጥቅህም፤ ያልተፈቀደውን ዕቃ ገጥመህ ብሎኑን ስታጠብቅ በራሱ ይቀራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ፖሊስ እስኪያስቆመው ድረስ ፈቃዱ ያለ ይመስለዋል።

ፈቃዱን የሚያቆየው ከዕቃው ጋር የሚመጣው ማስረጃ ነው። አንዱ አ-ቤ-ኤ የሚሉት ወረቀት ነው። ፍሌንስቡርግ ያለው የፌደራል የተሽከርካሪ መሥሪያ ቤት ለዕቃው የሚሰጠው ፈቃድ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ወረቀቱን ይዞ መንዳት ይበቃል። ታይለጉታኽተን የሚባለው ግን የባለሙያ ምስክርነት ነው፤ ብቻውን አያስነዳህም። ዕቃውን እንደገጠምክ ሳትውል ሳታድር ሞተሩን ወደ መርማሪ ድርጅት፣ ቲዩፍ ወይም ዴክራ፣ ወስደህ ማስመርመርና ማረጋገጫ መቀበል ይኖርብሃል። ሌላው ዕቃው ላይ የሚቀረጸው ምልክት ነው፦ በክብ ውስጥ የላቲኑ «ኢ» ፊደልና ቁጥር። 1 ጀርመን፣ 2 ፈረንሳይ፣ 3 ጣሊያን ነው። ቁጥሩ የሚነግርህ ፈቃዱን የሰጠውን አገር ነው እንጂ ዕቃው የተሠራበትን አይደለም። ፍሬቻ፣ ስፖኪዮና የፊት መብራት ስትገዛ ይህን ምልክት ፈልግ። ምንም ማስረጃ የሌለው ዕቃ በአንቀጽ 21 ለብቻው ሊመረመር ይችላል፤ ግን ወጪው ከዕቃው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፣ ማለፉም ዋስትና የለውም። እኔ ብሆን አልገባበትም።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» ይባላል። ጓደኛህ ሞተር ላይ ያየኸው ማርሚታ ለእሱ ሕጋዊ ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱ የዘረዘረው ግን የእሱን የሞተር ዓይነት ነው። ያንተ ሞተር እዚያ ዝርዝር ውስጥ ከሌለ፣ የ«ኢ» ምልክት ቢኖረውም ላንተ ባዶ ብረት ነው። ስለዚህ ሊብሬህን ዘርግተህ የሞተርህን ዓይነትና የፈቃድ ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አመሳክር። የመጀመሪያውን ገጽ አይተህ አትዝጋው፤ ቅድመ ሁኔታዎቹ ወደ ኋላ ይገኛሉ። አ-ቤ-ኤ ያለው ዕቃ እንኳ አንዳንዴ «ከተገጠመ በኋላ ይመርመር» የሚል ግዴታ ይኖርበታል።

ብዙዎች የማያስቡት ሌላ ነገር አለ። ሁለት ዕቃዎች እያንዳንዳቸው ወረቀት ኖሯቸው አንድ ላይ ሲሆኑ ላይፈቀዱ ይችላሉ። ከፍ ያለ መሪና አዲስ የንፋስ መከላከያ በየራሳቸው ተፈትነዋል እንበል። መሪው እስከ ዳር ሲዞር መከላከያውን የሚነካ ከሆነ፣ ወይም የፍሬኑን ቱቦ የሚወጥር ከሆነ፣ ሁለቱ ወረቀቶች ያልመለሱት ጥያቄ ተነሣ ማለት ነው። ያንን የሚመልሰው መርማሪው ብቻ ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚሉት ለዚህ ነው፤ ሻጩን ሳይሆን መርማሪውን ጠይቅ።

ከማርሚታው ጫፍ ያለችውን የድምፅ ማፈኛ ደግሞ በፍጹም እንዳታወጣት። ማርሚታው የተፈቀደው ከእሷ ጋር ነው። የድምፅን ነገር ቀላል አታድርገው፤ ከ2020 ጀምሮ በኦስትሪያ ቲሮል በተመረጡ መንገዶች ላይ፣ ቆሞ ሲለካ ድምፁ ከ95 ዴሲቤል በላይ የተመዘገበ ሞተር በበጋ ወራት እንዳያልፍ ተከልክሏል። የሚታየው ሊብሬው ላይ የሰፈረው ቁጥር ነው፤ ፋብሪካው እንደሠራው የቆየ ሞተር እንኳ አይተርፍም። በየመንደሩ ሕፃንና ሕመምተኛ አለ፤ ለእነሱ የወጣን ሕግ እኔ አልጠላውም።

ቅጣቱን በተመለከተ፣ ፈቃዱ በቀረ ሞተር ስትነዳ የመንገዱን ደኅንነት አደጋ ላይ ከጣልክ 90 ዩሮና በፍሌንስቡርጉ የአሽከርካሪዎች ጥፋት መዝገብ አንድ የቅጣት ነጥብ ነው። ይህ ትንሹ ነው። ለውጡ ለአደጋው ምክንያት ከሆነ፣ መድን ድርጅቱ ለተጎዳው ሰው ከፍሎ ካንተ እስከ 5,000 ዩሮ ሊጠይቅህ ይችላል። የተጎዳው ሰው ሥቃይ ግን በዩሮ አይቆጠርም። ለዚህ ነው በተለይ ፍሬን ነክ ዕቃ ላይ አጥብቄ የምለምንህ፤ ወረቀት የሌለው የፍሬን እጀታ ርካሽ ቢሆን እንኳ ሳሩን አይተህ ገደሉን አትርሳ።

ፍሬቻዎቹን ግዛ፣ ምልክታቸውን አይተህ፤ በስፋትና በከፍታ የት እንደሚታሰሩም ደንብ አለውና እሱንም አስጠይቅ። መሪው ይቆይ። ማርሚታውን ገና ካልከፈልክበት አትክፈል፤ ሻጩ ወረቀቱን አስቀድሞ ይላክልህ፣ እንቢ ካለ ተወው። ቅዳሜ ሊብሬህንና ወረቀቱን ይዘህ ቤት ና፤ ጀርመንኛው ከከበደህ አብረን እናነበዋለን፤ ሰኞ ደግሞ ለመርማሪው እንደውላለን።