ድምፅ አደራ ስለ መሆኑ

ሰው ከሰው ጋራ ሲኖር የሁሉ ፈቃድ ባንድ ነገር ላይ አይገጥምም። ስለዚህ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ «የማን ፈቃድ ይጽና?» እያሉ ሲጠይቁ ኖረዋል። ጉልበት ያለው በጉልበቱ፥ ዘር የሚቈጥረውም በዘሩ መልስ ሰጥቶበታል። የዚህ ዘመን መልስ ግን ቈጠራ ነው፤ ብዙ ድምፅ ያገኘ ይምራ፥ ያነሰው ይታገሥ የሚል ነው። ነገሩ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ዳሩ ግን የድምፅን አቈጣጠር የመረመረ ሰው ከቈጠራው በፊት ሌላ ጥያቄ እንዳለ ያገኛል፤ ይኸውም «በምን መልክ እንቍጠር?» የሚለው ነው።

እዚህ በዱራሜ የማውቃቸው ወጣቶች የአሜሪካ ምርጫ በራዲዮ በተሰማ ቍጥር ባንድ ጥያቄ ያስጨንቁኛል። «ብዙ ሰው የመረጠው እያለ ጥቂት ሰው የመረጠው እንዴት ፕሬዚዳንት ይሆናል? ይህስ ፍርድ ነው ወይስ ግፍ?» ይላሉ። ጥያቄው የሩቅ አገር ይመስላል እንጂ ለኛም ቅርብ ነውና እንደ ዐቅሜ ልመልስ እሞክራለሁ።

በአሜሪካ ሕዝቡ ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ አይመርጥም። ሕገ መንግሥታቸው ለያንዳንዱ ግዛት በሁለቱ ምክር ቤቶች ባሉት እንደራሴዎች ልክ ወኪል መራጮች ሰጥቶታል። ለዋና ከተማይቱ የተሰጡት 3 ተጨምረው ድምሩ 538 ሲሆን 270 ያገኘ ያሸንፋል። ከ50ዎቹ ግዛቶች በ48ቱ፥ ባንድ ድምፅም እንኳ የበለጠ ሰው የግዛቱን ወኪሎች ጠቅልሎ ይወስዳል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2000 አል ጎር በመላው አገር ጆርጅ ቡሽን ከግማሽ ሚሊዮን በላይ በሆነ ድምፅ ሲበልጡ፥ በፍሎሪዳ በ537 ድምፅ ስለ ተበለጡ መንበሩን አጡ። በ2016ም ሂላሪ ክሊንተን 3 ሚሊዮን በሚጠጋ ድምፅ በልጠው ሳለ የተመረጡት ዶናልድ ትራምፕ ናቸው።

ሒሳቡን በቅርብ ምሳሌ ላስረዳ። 5 ቀበሌዎች፥ በያንዳንዳቸውም 100 መራጮች አሉ እንበል። አንዱ ተወዳዳሪ በ3ቱ ቀበሌዎች 51፥ 51 ድምፅ አግኝቶ በቀሩት በ2ቱ ምንም ባያገኝ ድምሩ 153 ብቻ ነው፤ ባላንጣው 347 አለው። በቀበሌ ከተቈጠረ ግን ባለ 153ቱ 3 ለ 2 ያሸንፋል። ማንም አልሰረቀም፤ ማንም ቍጥር አልፋቀም። የተለወጠው የቈጠራው መልክ ብቻ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ «የነርሱ ነገር ምን ይሠራልኛል?» አትበል። ያገራችንም ድምፅ በእጅ አዙር የሚሄድ ነው። በ1923 ዓ.ም ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎችን ይመርጡ የነበሩት መኳንንቱና ያገር ሹማምንቱ ናቸው። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ለሕዝቡ የመምረጥን መብት ሰጠና የመጀመሪያው ምርጫ በ1950 ዓ.ም ተደረገ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሾሙት ግን ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በዱራሜ የሚሰለፍ መራጭ ወረቀቱን የሚጥለው ለምርጫ ክልሉ እንደራሴ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩን ከአባሎቹ መካከል የሚመርጠው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ፕሬዚዳንቱንም ይኸው ምክር ቤት በዕጩነት ያቀርበዋል፤ ከፌዴሬሽን ምክር ቤት ጋራ በጋራ ተሰብስበውም በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይመርጡታል። ወይዘሮ ሣህለ ወርቅ ዘውዴ በጥቅምት 2011፥ አቶ ታዬ አጽቀ ሥላሴም በመስከረም 2017 ዓ.ም የተመረጡት በዚሁ መንገድ ነው።

በየምርጫ ክልሉም የሚያልፈው ብልጫ ያገኘው ብቻ ስለ ሆነ የቀሩት ሰዎች ድምፅ ከበሩ ላይ ይቀራል። በ2002 ዓ.ም ምርጫ ከ547ቱ ወንበሮች ገዢው ግንባርና አጋሮቹ 545ቱን፥ በ2007 ዓ.ም ደግሞ 547ቱንም ያዙ። የምርጫዎቹ ነፃነት ማከራከሩ ሳይዘነጋ፥ ሌላውን ወገን የመረጡ ዜጎች መኖራቸው እርግጥ ነው፤ በ2007ቱ ምክር ቤት ውስጥ ግን ባንድ ወንበር እንኳ አልታዩም።

እንግዲህ በእጅ አዙር መቍጠር ሁሉ ግፍ ነውን? እንዲህ ብሎ መፍረድ ችኰላ ይሆናል። ራስ በራስ ብቻ ቢቈጠር፥ ቍጥሩ ያነሰ ሕዝብ በብዙው መካከል ጨው በውሃ እንደሚሟሟ ይሟሟል። ስለዚህ በፌዴሬሽን ምክር ቤት እያንዳንዱ ብሔረሰብ ቢያንስ አንድ ወኪል እንዲኖረው፥ ለያንዳንዱ ተጨማሪ ሚሊዮን ሕዝብም አንድ እንዲጨመርለት ሕጉ አዟል። ከምባታም በዚያ ቤት በስሙ ተጠርቶ ይቀመጣል። ሕገ መንግሥቱን የሚተረጕመው ይኸው ምክር ቤት ስለ ሆነ፥ የሕዝቡ ቍጥር ማነስ አፉን አይዘጋውም።

የኔ ፍርድ እንግዲህ ይህ ነው። ለትንሹ የሚጨመርለት ሚዛን ስሙን፥ ቋንቋውንና ራሱን የማስተዳደር መብቱን የሚጠብቅበት ጋሻ ሲሆን ጽድቅ ነው፤ ብዙውን የሚገዛበት ሰይፍ ሲሆን ግን ግፍ ነው። የአሜሪካውም ሥርዓት የሚያስነቅፈው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የዋዮሚንግ ግዛት ሕዝብ 600 ሺሕ አይሞላም፤ 3 ወኪሎች አሉት። ካሊፎርኒያ 39 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ይዞ 54 አለው። ቢካፈል የዋዮሚንጉ ሰው ድምፅ የካሊፎርኒያውን አራት እጥፍ ሊመዝን ምንም አይቀረው። ትንሹን ግዛት ከጥቃት ለማዳን ሌላ ምክር ቤት ሳለ፥ የሁሉ አለቃ የሚሆነውን ሰው በዚህ ሚዛን መመዘን ከጋሻነት አልፏል።

«ሕጉ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ሁሉም ዐውቆ ገብቶበታል» የሚል መልስ አለ። እውነት ነው፤ ሕጉን ጠብቆ ያሸነፈ ሰው ሹመቱ ሕጋዊ ነው፥ የተሸነፈውም በሰላም ሊቀበለው ይገባል። ነገር ግን ሕግ የሚሰጠው ወንበሩን ነው እንጂ ከዕዳ ነፃ አያወጣም። በ51 ድምፅ የገባ ሰው የ49ኙም እንደራሴ ነው። የዕድራችንን ዳኛ ተመልከቱ፤ እኩሌታው ሰው እጁን ሳያወጣለት ሊሾም ይችላል። ነገር ግን እጁን ካላወጣለት ሰው ቤት ሐዘን ሲገባ ድንኳኑን አይተክልምን? «አንተ አልመረጥኸኝም» ቢል ያን ዕለት ዕድሩ ፈረሰ ማለት ነው። አገርም በዚሁ ዐይነት ይቆማል፥ በዚሁ ዐይነትም ይፈርሳል።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፥ ሦስት ነገር እመክራችኋለሁ። ፊተኛው፥ የጣላችሁት ወረቀት በስንት እጅ አልፎ የት እንደሚደርስ ዕወቁ፤ መንገዱን የማያውቅ መራጭ የሚያታልለው ሰው አያጣም። ሁለተኛው፥ «የኔ አንድ ድምፅ ምን ታደርጋለች?» አትበሉ፤ በፍሎሪዳ የታላቅ አገርን ዕጣ የወሰኑት ሰዎች በትንሽ አዳራሽ ውስጥ የሚያልቁ ነበሩ። ሦስተኛው፥ ከምርጫው ቀን በኋላ አትተኙ። አደራ የሰጠ ሰው አደራውን ይጠይቃል፤ እንደራሴያችሁን በምክር ቤት ምን እንደ ተናገረ፥ ስለ ማን እጁን እንዳወጣ ጠይቁት። ባትመርጡትም ጠይቁት፤ እርሱ የናንተም ነውና።

ፍጹም የሆነ አቈጣጠር በምድር ላይ አልተገኘም፤ እያንዳንዱ አንዱን ሲጠቅም ሌላውን ይጐዳል። የአቈጣጠሩን ጕድለት የሚሞላው፥ ያሸነፈው ሰው ያልመረጡትንም ሲያስባቸው፥ የመረጡትም ሰዎች ሲቈጣጠሩት ነው።