የቻምፖራዶ ባለቤት

ዝናብ በጣለበት ማለዳ ማኒላ ውስጥ ቻምፖራዶ ይበላል፦ በካካዎ የበሰለ የሚጣበቅ ሩዝ፣ ከጎኑ ደረቅ ጨዋማ ዓሣ። ሜክሲኮ ውስጥ ግን ቻምፑራዶ በበቆሎ ሊጥና በቸኮላት የሚፈላ መጠጥ ነው። ስሙንና ካካዎውን ያሻገሩት እ.ኤ.አ. ከ1565 እስከ 1815 በአካፑልኮና በማኒላ መካከል የተመላለሱት የስፔን መርከቦች ናቸው። ለመርከቦቹ እንጨት የቆረጡት ደግሞ ለግዳጅ ሥራ የተነዱ ፊሊፒናውያን ነበሩ።

ታዲያ በግፍ መንገድ የመጣን ጣዕም «የኛ» ማለት ይቻላል? ይቻላል። በቆሎውን በሩዝ የተካው፣ ዓሣውንም ከጎኑ ያኖረው ገዥው ሳይሆን የማጀት ሰው ነው። (በርበሬም የትውልድ አገሩ ወደዚያው ወደ ሜክሲኮ ነው፤ ለዚህ ብሎ ከወጡ የሚያወጣው ሐበሻ ግን የለም።)

የሚያስቸግረው ውለታው ነው። ለስፔን መስጠት ተለምዷል፤ ስህተት ነው። ፊሊፒናውያን ቲማቲምን «ካማቲስ» ይሉታል፤ የቃሉ መነሻ የሜክሲኮ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ፣ ናዋትል ነው። ዘሩን ለዘመናት መርጠው ያለሙት እነዚያ ገበሬዎች ናቸው፤ መርከቡ ጫነ እንጂ አላበቀለም። ብድሩን በከፊል የመለሱትም ነገሥታቱ አይደሉም። ከመርከብ የወረዱ ፊሊፒናውያን ከኮኮናት ዛፍ የሚቀዳውን መጠጥ ለሜክሲኮ ኮሊማ ሰዎች አስተማሩ፤ ዛሬም እዚያ መንገድ ላይ በፊሊፒንኛ ስሙ «ቱባ» እየተባለ ይሸጣል።